ጳጉሜን 6 ሳትደርስ

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፣
በከተማዋ ለሚገኙ ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት፣
በከተማዋም ሆነ ከከተማዋ ርቃችሁ ለምትሠሩ የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች፣

ጉዳዩ፦ የከተማችን የቴክኖሎጂ ባለሙያዎች የሚገናኙበትና ዕውቀታቸውን የሚያኖሩበት ቋሚ ቦታ እንዲኖር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ በዚህች ከተማ ሶፍትዌር እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ቀን ነው፤ ጳጉሜን 6።

በ2011 ዓ.ም. ለአንድ አነስተኛ የቁጠባና ብድር ማኅበር የሒሳብ ፕሮግራም ሠርቼ ነበር። ፕሮግራሙ ወራት ሙሉ ያለ እንከን ሠራ። ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ደወለችልኝ። ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት የብድራቸውን ክፍያ በመጨረሻው ቀን ይዘው መጥተዋል። ፕሮግራሙ ግን ዕለቱን መስከረም 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ብሎ መዝግቦ፣ ዘግይተዋል ብሎ ቅጣት ጥሎባቸዋል። እናትየዋ ደረሰኙን አስነብበው ሲሰሙ «ልጄ፣ እንቁጣጣሽ እኮ ነገ ነው» አሏት። እውነታቸውን ነበር። የጻፍኩት ፕሮግራም ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን ብቻ ያላት መስሎት ነበር።

ገንዘብ ያዧ ደረሰኙን በእጅ አርማ ሰጠቻቸው። እኔ ግን ሌሊቱን ኮምፒውተር ላይ ተደፍቼ አደርኩ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኋቸው የቀን መቀየሪያዎች እርስ በርሳቸው አይስማሙም፤ አንዱ የሚለውን ሌላው ያፈርሰዋል። በማግስቱ፣ በዓሉን ቡና ላይ ስናሳልፍ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ መሪጌታ ፊቴን አይተው ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጊዜ አልፈጀባቸውም። «ያለፈው ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ናት» አሉ። ከዚያም ስሌቱን በጣታቸው እየቆጠሩ አስረዱኝ፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፣ ለአራት ግደል፣ ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። 2011 ሲደመር 5500፣ 7511 ይሆናል፤ ለአራት ሲገደል ሦስት ይተርፋል። የዘመን ቆጠራ ሥርዓት የሆነው የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ለዘመናት ይዞት የኖረውን ነገር እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ስፈልግ አድሬ ነበር።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ የአንድ ሰው ስሕተት ሆኖ ይቀር ነበር። ከወራት በኋላ ፖሊ በሚባለው ሰፈር ጀበና ቡና ስንጠጣ ያገኘሁት አንድ ባለሙያ ይህንኑ ችግር በጳጉሜን 2007 ዓ.ም. እንደገጠመውና እንደፈታው አጫወተኝ። መፍትሔውን በማስታወሻ ደብተሩ ጽፎ አስቀምጦታል። መኖሪያው ከእኔ ቤት የሁለት መንገድ ያህል ቢርቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ሳለ አንዲት አዲስ ተመራቂ ቤቴ ድረስ መጣች። ለአንድ መድኃኒት ቤት የሠራችው የዕቃ መመዝገቢያ የመድኃኒቶቹን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በአንድ ቀን እያዛነፈባት ነበር። ወደ እኔ የላካት ሞባይል የሚጠግን ወጣት ነው፤ «እሱ ስለ ቀን አቆጣጠር አንድ ነገር ያውቃል» ብሎ። በግማሽ ሰዓት ጨረስነው።

በስምንት ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ከተማ፣ ሦስት ሰዎችን አንድ ጥያቄ ለየብቻቸው ገጠማቸው። መልሱ በከተማዋ ውስጥ ሳይኖር የቀረበት ጊዜ የለም። በመሪጌታው ራስ ውስጥ ነበር፣ በባለሙያው ደብተር ውስጥ ነበር፣ በእኔም ፕሮግራም ውስጥ ነበር። የጠፋው ጠያቂውና መልሱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። የዚህ ደብዳቤ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ያርፋል።

ጳጉሜን 6 ምሳሌ እንጂ ብቸኛዋ አይደለችም። አገራችን ውስጥ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሁሉ እየደጋገመ የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፀሐይ የምትባል ታካሚ አንድ ቀን ጸሐይ፣ ሌላ ቀን ፀሀይ ተብላ ትመዘገባለች፤ ካርዷ ሲፈለግ ኮምፒውተሩ አንድ ሰው መሆኗን አያውቅም። ከውጭ የመጣ ቅጽ የቤተሰብ ስም አምጡ ይላል፤ እኛ ግን የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የአባትን፣ ሌላው የአያትን ስም እዚያ ሳጥን ውስጥ ይከታል፤ በኋላ መዛግብቱ አይገጥሙም። ለምሽቱ 2 ሰዓት የተያዘ ቀጠሮ በሲስተሙ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆንና ማስታወሻው ሰው በተኛበት ይደርሳል። በሞባይል ክፍያ መሃል ኔትወርክ ሲቆራረጥ ገንዘቡ ከገዢው ወጥቶ በሻጩ መዝገብ ሳይታይ ይቆያል፤ ይህን እንዴት አድርጎ ማስታረቅ እንደሚቻል እያንዳንዱ ፕሮግራመር ለራሱ ይፈለስፋል። እነዚህን ጥያቄዎች ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ አይጠይቃቸውም፤ ችግሮቹ የእሱ አይደሉምና። እኛ ካልጠየቅናቸውና ካልመለስናቸው ማንም አይመልስልንም።

«ቴሌግራም አለ አይደለም ወይ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አለ፤ ውለታውም ትልቅ ነው። በትንሽ ዳታ ይሠራል፣ በርካሽ ስልክ ይከፈታል፣ አንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል። እኔም ብዙ የተማርኩት እዚያ ነው። ነገር ግን የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ወንዝ ነው፤ ጠዋት የተሰጠ መልስ ማታ ላይ በሰላምታ፣ በማስታወቂያና በሥራ ቅጥር ሊንክ ሥር ይቀበራል። በድምፅ መልእክት የተሰጠ ማብራሪያን ማንም ፈልጎ አያገኘውም። የግል ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ ነገር በጉግል ፍለጋ አይወጣም። አድሚኑ ሥራ ሲቀይር ወይም አገር ሲለቅ ግሩፑ ባለቤት አልባ ይሆናል። አዲስ የገባ ልጅ ሲጠይቅ «ይህ ተጠይቋል» ይባላል፤ የት እንደተመለሰ ግን የሚያሳየው የለም። ብዙዎቹ ከዚያ ወዲህ አይጠይቁም። በምድራችን ያልጠየቀ ሁሉ ያወቀ መስሎ ይታያል፤ ሥራው ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚገለጠው፤ ዋጋውንም ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ይከፍሉታል።

ርቀው ያሉ ሰዎች በውይይት ብቻ ትልቅ ነገር መሥራት እንደሚችሉ ግን የራሳችን ፊደል ምስክር ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኮምፒውተር የተጻፈ አማርኛ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው መሻገር አይችልም ነበር። እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ሆኖ ይታይ ነበር። በዚያ ዘመን በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና የፊደሉ ወዳጆች በኢሜይልና በኢንተርኔት የውይይት መድረኮች ይነጋገሩ ጀመር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ የግእዝን ፊደል በተራ የላቲን ቁልፎች መላክና መልሶ ማንበብ የሚያስችል የአጻጻፍ ሥርዓት አዘጋጁ። የፊደሉ ጉዳይ በብዙ እጆች ሲንከባለል ቆይቶ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ስሪት ውስጥ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶች ቋሚ ቁጥራቸውን አገኙ። በ2005 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ለሰባት ቤት ጉራጌና ለሌሎች ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። ዛሬ በስልካችን አማርኛ ጽፈን ስንልክ ማዶ ያለው ሰው የሚያነበው ያን ጊዜ የተወያዩ ሰዎች ውይይታቸውን በጽሑፍ ስላስቀመጡትና ለዓለም አቀፉ ተቋም በሚሆን መልክ ስላቀረቡት ነው። በቃል ብቻ ተነጋግረው ተለያይተው ቢሆን ኖሮ ፊደላችን እስከ ዛሬ በየሶፍትዌሩ ተበታትኖ በቀረ ነበር።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ማሳካኔ በሚል የዙሉ ስም የተጀመረ፣ ትርጉሙም «አብረን እንገንባ» የሆነ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለኮምፒውተር የሚያዘጋጁ ተመራማሪዎች ስብስብ አለ። አባላቱ በኢንተርኔት እየተገናኙ ይሠራሉ። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዐሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰውን፣ የቦታንና የድርጅትን ስም ለይቶ ማወቅ የሚያስተምር የጽሑፍ ስብስብ ሲያወጣ ከዐሥሩ አንዱ አማርኛ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ የብዙ ሰው ስም በአንድነት ሰፍሯል። አንዱ ዐረፍተ ነገር ለቀመ፣ አንዱ አረመ፣ ሌላው ፕሮግራሙን ጻፈ፤ ሁሉም ድርሻውን ሌላው በሚያየው ቦታ አስቀመጠ።

ኢንተርኔት ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ በኦንላይን ብቻ የተሳሰርን ሰዎች በአንድ ቀን ተበተንን። የስልክ ቁጥራቸውን እንኳ የማናውቃቸው፣ ስማቸውን በቅጽል ስም ብቻ የምናውቃቸው ጓደኞች ነበሩን። ያቺ ተመራቂ እኔን ያገኘችኝ ከሰው ወደ ሰው እየጠየቀች ነው። እኔ ዛሬ ሳስበው ያሳስበኛል፤ ያ ሞባይል ጠጋኝ ባያውቀኝ ኖሮ ወዴት ትሄድ ነበር?

የካሜሩንዋ ቡኤያ ከተማ በዚህ ረገድ እህታችን ናት። በካሜሩን ተራራ ግርጌ ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት እንጂ የአገሯ መዲና አይደለችም። ወጣቶቿ አክቲቭስፔስስ በሚባል የጋራ መሥሪያ ቦታ እየተሰበሰቡ፣ አንዱ ሌላውን እያስተማረ፣ «ሲሊከን ማውንቴን» በሚል ስም የሚታወቅ የቴክኖሎጂ ማኅበረሰብ ፈጠሩ። በጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የካሜሩን ክልሎች ኢንተርኔት ተቋርጦ 93 ቀናት ቆየ። የቡኤያ ልጆች ተስፋ ቆርጠው አልተበተኑም። ላፕቶፓቸውን በጀርባቸው አዝለው ቦናኮ ወደምትባል፣ ኔትወርክ ወደሚደርሳት የክልል ድንበር መንደር ሄዱ፤ ክፍል ይዘው በአንድነት መሥራት ቀጠሉ። ይህን ማድረግ የቻሉት አስቀድመው በአካል ስለሚተዋወቁ ነው። ገመዱ ሲቆረጥ የቀራቸው ትውውቃቸው ነው።

እኛ ይህን የሚመስል ነገር ከአያቶቻችን ወርሰናል። እድር ሰው በሞተ ዕለት አይመሠረትም። ቀድሞ የተመሠረተ፣ ቀን የቆረጠ፣ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ የመረጠ፣ መዝገብ ያለው በመሆኑ ነው ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ በሰዓቱ የሚተከለው። በአባላቱ መካከል ፍቅር ሁልጊዜ አይጸና ይሆናል፤ መዝገቡና ቀኑ ግን ያጸኑታል። የቅኔ ቤቶቻችንንም አስቡ። የምንኖረው ጎንጅና ዋሸራ ባሉበት ምድር ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ቤቱ ከጎደለ ይነገረዋል፣ ምሥጢሩ ካልተዋጣ ይታረማል፤ ነገ ደግሞ አሻሽሎ ይመጣል። በዓለም ላይ ያሉ ጥሩ የሶፍትዌር ቡድኖች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ኮድ ሌላው ሳያይለት ወደ ሥራ አይገባም። እኛ ይህን ልማድ ከሩቅ የምንበደርበት ምክንያት የለም። የጎደለን የምንቀርብበት ቤት ነው።

በአሁኑ ጊዜ ለቴክኖሎጂ የሚደረገው ጥረት ብዙ መሆኑን አልክድም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ መርሐ ግብር ሲጀመር በከተማችን ያሉ ወጣቶች በደስታ ተመዝግበዋል። ኮርሱ ግን ሰውን ለብቻው፣ በስልኩ ፊት ያስተምራል። ሰርተፍኬቱን ያገኘ ልጅ በማግስቱ «አሁንስ ከማን ጋር ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል። አዲስ አበባ ይህን ጥያቄ ከሞላ ጎደል መመለስ ጀምራለች፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) አይስአዲስ የተባለው ማዕከል ሲከፈት ለባለሙያዎችና ለጀማሪዎች የመገናኛ በር ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። ስለዚህ ከእኛ ከተማ ጎበዙ ልጅ አዲስ አበባ ይገባል። ደመወዝ ብቻ ፈልጎ አይደለም የሚሄደው፤ ጓደኛ ፈልጎም ነው።

እዚህ የሚደረጉት ስብሰባዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የአንድ ቀን ናቸው። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሃካቶን ተካሂዶ አሸናፊው ቼክ ይዞ ፎቶ ይነሣል። በማግስቱ የአዳራሹ በር ይዘጋል። የተሠራው ፕሮግራም የት እንደደረሰ ጠያቂ አይኖረውም። እኔ እንዲህ ያለውን ድግስ አልነቅፍም፤ ሰውን ያነቃቃል። ነገር ግን ለአንድ ቀን ድግስ ከሚወጣው ትንሽ ቀንሰን ለሃምሳ ሁለት ቅዳሜዎች ብናደርገው ፍሬው የት በደረሰ!

ክቡራን፣ የምጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ለከተማው አስተዳደር። ሕንፃ ሥሩልን አልልም። በአንድ የወጣት ማዕከል ወይም በሌላ የሕዝብ ተቋም ውስጥ አንድ ክፍል፣ ዘወትር ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ስጡን። ሰዓቱን ያለ ምክንያት አልመረጥኩትም፤ እህቶቻችን ሳይመሽ ወደ ቤታቸው መግባት መቻል አለባቸው። ሃያ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሶኬትና የኔትወርክ መስመር ይበቃናል። አበል አንጠይቅም፣ ምሳም አንጠይቅም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እንጠይቃለን፤ ቁልፉን የያዘው ሰው በስሙ የሚታወቅ ይሁን፣ ቀኑም አይቀያየር። በድንገት ስብሰባ ተይዟል ተብለን ሁለት ቅዳሜ ከተመለስን በሦስተኛው የሚመጣ አይኖርም። ውሎ አድሮ ሥራው ሲጸና ማኅበር ሆነን ለመመዝገብ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መንገዱን ያሳየናል፤ መጀመሪያ ግን መገናኘቱ ይቅደም፣ ማኅተሙ ይከተል።

ሁለተኛ፣ ለከፍተኛ የትምህርት ተቋማት። ይህች ከተማ ከ1950ዎቹ (ዓ.ም.) ጀምሮ የቴክኒክ ትምህርት ከተማ ናት፤ ፖሊ የሚለው ስም የሰፈር መጠሪያ እስኪሆን ድረስ። እናንተ ያላችሁ ሀብት ላብራቶሪ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ተማሪዎች የሚሠሩት የመመረቂያ ፕሮጀክት አለ። ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ቡድን ያንኑ ርእስ እንደ አዲስ ይጀምራል። የተማሪዎቹ ፈቃድ ታክሎበት ጽሑፉንና ኮዱን ማንም በሚያገኘው ቦታ አውጡት። ከዘንድሮ ተመራቂዎች መካከል የአምናው ቡድን ካቆመበት የሚቀጥል ይኑር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ነጋዴ፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከቁጠባ ማኅበር የሚመጡ ጥያቄዎችን እኛ እንሰበስባለን፤ ርእስ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ስጡልን። ተማሪ ላልሆነ ነዋሪም የመግቢያ ካርድ የሚያገኝበት ቀላል ሥርዓት አብጁ፤ ዕውቀት ፈልጎ የመጣ ሰው በር ላይ መታወቂያ የለህም ተብሎ እንዳይመለስ።

ሦስተኛ፣ ለእኛ ለባለሙያዎቹ። የሚከብደው የቤት ሥራ የእኛ ነው። አንድ ሕግ እናውጣ፤ መልስ ያገኘ ሰው መልሱን ይጻፍ። ጥያቄው፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው፣ ያልሠራው ሙከራም ጭምር፣ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ። ጽሑፉም በግል ግሩፕ ውስጥ ሳይሆን በፍለጋ ሊገኝ በሚችል ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጥ። ቴሌግራሙ ይቀጥል፤ ለፈጣን ጥያቄና ለጨዋታ ይሁን። በየሳምንቱ ግን አንድ ባለተራ ጸሐፊ በግሩፑ ከተሰጡት መልሶች የሚረቡትን ለቅሞ ወደ መዝገቡ ያስገባ። እድር ጸሐፊ ከሌለው እንደማይቆም ሁሉ የእኛም አይቆምም። የመዝገቡ ቅጂ በየወሩ በክፍላችን ባለች አንዲት ኮምፒውተር ላይ ይገልበጥ፤ ዊኪፔዲያንና ሌሎች የመረጃ ስብስቦችን ያለ ኢንተርኔት ማንበብ የሚያስችለው ኪዊክስም እዚያው ይጫን። ኔትወርክ ቢጠፋ ሰው ፍላሽ ይዞ መጥቶ የሚፈልገውን ይዞ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ጠያቂን አናሳፍር። ጥያቄው ቀላል ቢመስለንም ለጠየቀው ሰው ሌሊት ያስቆጠረ ነው። በስብሰባችን ሴት ስትናገር የምትቋረጥ ከሆነ፣ በግሩፑ ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ በውስጥ መስመር የምትዋከብ ከሆነ፣ ማኅበረሰብ ፈጠርን ማለት አንችልም። ይህን የሚፈጽም ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አንድ ጊዜ ይነገረው፤ ካልታረመ ይውጣ። በሩን ደግሞ ለፕሮግራመር ብቻ አንክፈት። ሞባይል ጠጋኙ ይምጣ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ትምጣ፣ የጤና መረጃ የምትመዘግበው ነርስ ትምጣ። መሪጌታውም ይምጡ፤ የጳጉሜንን ምሥጢር የነገሩኝ እሳቸው ናቸውና።

አራተኛ፣ በውጭ አገር ለምትኖሩ ወገኖቻችን። ብዙዎቻችሁ በታላላቅ ኩባንያዎች ውስጥ ትሠራላችሁ፤ አገር ቤት ስትመጡም አንድ ንግግር አድርጋችሁ ትመለሳላችሁ። ንግግራችሁን እናከብራለን። የበለጠ የሚጠቅመን ግን ሥራችንን እያያችሁ ብታርሙን ነው። የቅዳሜ ከሰዓታችን የዋሽንግተን የቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። በወር አንድ ቅዳሜ፣ ለአንድ ሰዓት፣ የአንድን ልጅ ኮድ ከፍታችሁ «ይህን ለምን እንዲህ አደረግኸው?» ብላችሁ ጠይቁልን። ከሩቅ ሆኖ ፊደላችንን ለኮምፒውተር ያበቃ ትውልድ ልጆች ናችሁ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ።

የዚህን ሁሉ ውጤት በምን እንለካዋለን ለምትሉኝ በአባላት ብዛት አንለካው እላለሁ። በአንድ ጥያቄ እንለካው። አዲስ የመጣ ልጅ ሌላ ሰው የፈታውን ችግር ሲገጥመው መልሱን ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀበት? ለእኔ ሌሊቱን ሙሉ ፈጅቶብኝ፣ በመጨረሻም በመሪጌታው መልስ ነው የተገላገልኩት። ለተመራቂዋ ግማሽ ሰዓት ነበር፤ እኔን እስክታገኝ የለፋችውን ሳይጨምር። ለሚቀጥለው ሰው ሁለት ደቂቃ ሊሆን ይገባል።

የሚቀጥለው ሰው ደግሞ እየመጣ ነው። 2019 ዓ.ም. ዘመነ ሉቃስ ነው። ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። በየቁጠባ ማኅበሩ፣ በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየክሊኒኩ ካለፈው ጳጉሜን 6 ወዲህ የተተከሉ ፕሮግራሞች ስንቶቹ ይህን እንደሚያውቁ ባለቤቶቻቸው ራሳቸው አያውቁም። ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ቅዳሜ ይውላል። በዚያን ቅዳሜ ጠዋት አንዲት እናት ዕዳቸውን በመጨረሻው ቀን ይዘው ሲመጡ ደረሰኛቸው ላይ ትክክለኛው ቀን ይታተም። የሆነ ቦታ ላይ ቢሳሳት ደግሞ፣ የተደናገጠው ልጅ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሩ ክፍት የሆነ ክፍል፣ በክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ በጠረጴዛው ላይም የተጻፈ መልስ ያግኝ።

እስከዚያ ድረስ ያለን ጊዜ ረጅም አይደለም። የመጀመሪያውን ገጽ፣ የጳጉሜን 6ን ስሌት፣ ከመሪጌታው ጋር ተቀምጠን ጽፈነዋል። የሚቀመጥበትን ቦታ እየጠበቀ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ባሕር ዳር፣ 2018 ዓ.ም.